ከሕዳሴ ግድብ በኋላ የፀሐይና የነፋስ ኃይል ገበያ ምን ይመስላል?

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ እሸጣለሁ። ዱባይ ከምትኖር እህቴ ጋር ሆነን የሶላር ዕቃ ለማስመጣት አስበናል። ይሁን እንጂ የማነበው ሁሉ ይጋጭብኛል። አንዱ የአገሪቱ የነፋስ ኃይል 324 ሜጋዋት ነው ይላል፤ ሌላው 404 ይለዋል። በመቶ ሜጋዋት የሚቆጠር የፀሐይ ኃይል ውል ተፈረመ ሲባል ዓመታት አለፉ፤ የቆመ ጣቢያ ግን አላየሁም። ገበያው በእርግጥ እያደገ ነው ወይ? ሕዳሴ ከተመረቀ በኋላስ ሶላር ማን ይገዛል?»

ምላሽ፦ ገበያው እያደገ ነው። ነገር ግን በጋዜጣ የሚያነቡት ገበያ አንድ ነው፤ እርስዎና እህትዎ ልትገቡበት ያሰባችሁት ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ለብሔራዊ የኃይል ቋት የሚያመነጩ ትልልቅ ጣቢያዎች ገበያ ሲሆን፣ ገዢው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ ነው። ሁለተኛው በየቤቱ ጣሪያ፣ በየእርሻው ዳርና በየጤና ኬላው የሚተከለው ዕቃ ገበያ ነው፤ እዚህ ገዢው ብዙ ነው፤ የሚቆጥረው ግን የለም ማለት ይቻላል። ሁለቱን የሚያሳድጋቸውም የሚያስራቸውም ነገር ስለሚለያይ በአንድ ቁጥር መለካት አይቻልም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

በነፋሱ እንጀምር። አዳማ አንድ በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋዋት ይዞ በ2012 ሥራ ጀመረ። በመቀሌ አቅራቢያ የሚገኘው አሸጎዳ በ84 ተርባይኖች 120 ሜጋዋት ይዞ በጥቅምት 2013 ተመረቀ፤ አዳማ ሁለት ደግሞ በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋዋት ይዞ በ2015 ተከተለ። የሦስቱ ድምር 324 ሜጋዋት ነው፤ ያነበቡት ቁጥርም ከዚህ የመጣ ነው። በሦስት ዓመት ገደማ ከባዶ ተነስቶ እዚህ መድረስ በወቅቱ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ጥቂቶች ብቻ ያደረጉት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቁጥሩ ለዓመታት ባለበት ቆመ። ነፋሱ አልቀነሰም፤ የተርባይን ዋጋም አልተወደደም። ሁለቱ የአዳማ ጣቢያዎች በአብዛኛው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር፣ አሸጎዳም በፈረንሳይ ብድር የተሠሩ በመሆናቸው፣ ያንን እድገት የገፋው ሞተር የመንግሥት የመበደር አቅም ነበር። የውጭ ዕዳው ሲከብድ ሞተሩም ቀዘቀዘ። አገሪቱ በታኅሣሥ 2023 የዩሮ ቦንድ (ከውጭ ባለሀብቶች በዶላር የተበደረችበት ሰነድ) ወለዷን ሳትከፍል እስከመቅረት የደረሰችበትን ሁኔታ ላስታወሰ ሰው ይህ ግር የሚል አይደለም።

404 የሚለው ቁጥር የመጣው ከአይሻ ሁለት ነው። በሶማሌ ክልል በጅቡቲ ድንበር አቅራቢያ የሚገኘው ይህ ጣቢያ ሙሉ አቅሙ 120 ሜጋዋት ሲሆን፣ ተርባይኖቹ በአንድ ቀን ሳይሆን በየተራ ከመስመር ጋር ስለተገናኙ፣ ቀድሞ የገባውን 80 ሜጋዋት የደመረ 404 ይላል። ያልደመረ 324 ብሎ ይቆማል፤ የዕቅዱን ሙሉ አቅም የወሰደ ደግሞ 444 ብሎ ይጽፋል። ሦስቱም አልዋሹም፤ የቆጠሩት ነገር ግን ለየቅል ነው። በተቃራኒው፣ አሸጎዳ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ማምረት አቁሞ ሳለ በሠንጠረዦቹ ላይ 120 ሜጋዋቱ እንዳለ ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ «የተተከለ አቅም» የሚል ቁጥር ሲያዩ ጣቢያው በዚያ ዓመት ስንት ጊጋዋት ሰዓት (አንዱ 1,000 ሜጋዋት ሰዓት ነው) ለመስመሩ እንዳስረከበ ካልተነገረዎት በቀር ስለ ገበያው የሚያውቁት ነገር ገና ግማሽ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ ላሳይዎት። 100 ሜጋዋት የነፋስ ጣቢያ በዓመት ውስጥ በአማካይ ከሙሉ አቅሙ 30 በመቶ ቢያመነጭ፣ 100 በ8,760 ሰዓት በ0.30 ሲባዛ ወደ 263 ጊጋዋት ሰዓት ይሆናል። ፀሐይ በሌሊት ስለሌለች 100 ሜጋዋት የፀሐይ ጣቢያ በ20 በመቶ ሲሰላ 175 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ያስረክባል። ሁለቱም በጋዜጣው «100 ሜጋዋት» ተብለው ይጻፋሉ። በዚህ ረገድ በኢተያ አካባቢ በዴንማርክ መንግሥት ድጋፍ የተሠራው የአሰላ የነፋስ ጣቢያ አንድ ነገር ያስተምራል። 100 ሜጋዋቱን የያዘው በ29 ተርባይኖች ብቻ ነው፤ አዳማ ሁለት ለ153 ሜጋዋት 102 ተርባይን አስፈልጎታል። በመሃል ባሉት ዓመታት የአንዱ ተርባይን አቅም ከእጥፍ በላይ አድጓል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ለመንገድ፣ ለመሠረትና ለኬብል የሚወጣውን ወጪ ይቀንሳል፤ ከእርሻ ላይ የሚወሰደውንም መሬት ያሳንሳል። በአዳማ ገበሬው እስከ ማማው ግርጌ ድረስ በበሬ ሲያርስ፣ ጤፉም ከተርባይኑ ጥላ ሥር ሲያሸት ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል።

ወደ ፀሐይ ስንመጣ «ውል ተፈረመ፣ ጣቢያ ግን አላየሁም» ያሉት ትክክል ነው፤ ምክንያቱን በደንብ ማየት ይገባል። በ2017 ኤኔል የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የመራው ጥምረት በመተሐራ 100 ሜጋዋት ለመገንባት ጨረታ አሸነፈ። በ2019 ደግሞ የሳዑዲው አክዋ ፓወር በሶማሌ ክልል ጋድና በአፋር ክልል ዲቸቶ በተባሉ ሥፍራዎች እያንዳንዳቸው 125 ሜጋዋት የሚሆኑ ሁለት ጣቢያዎችን አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ለማቅረብ አሸነፈ። ያ ዋጋ በወቅቱ በአፍሪካ ከታዩት ዝቅተኛ ዋጋዎች አንዱ ስለነበር፣ ብዙዎቻችን ዘርፉ ከዚህ በኋላ ወደኋላ አይልም ብለን ተስፋ አድርገን ነበር። ይሁን እንጂ ከፊርማው በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ከእነዚህ ጣቢያዎች አንዱም አልቆመም።

እንቅፋቱ የፀሐዩ ብርሃንም ሆነ የጨረታው ዋጋ አልነበረም። ባለሀብቱ ፓኔሉን በዶላር ይገዛል፤ ብድሩንም በዶላር ይመልሳል። ኃይሉን የሚገዛው ድርጅት ግን ከአባወራውና ከፋብሪካው የሚሰበስበው ብር ነው፤ ታሪፉም ከ2006 ጀምሮ እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ ሳይነካ የቆየ ነበር። እንግዲህ ባለሀብቱ ለ20 ዓመት የሚከፈለው ብር በየወሩ ያለ ወረፋ ወደ ዶላር እንዲቀየርለት ዋስትና ይጠይቃል። በወቅቱ ለመድኃኒትና ለማዳበሪያ እንኳ ምንዛሪ በወረፋ ይሰጥ የነበረው ብሔራዊ ባንክ ይህን ዋስትና መስጠት ይከብደው ነበር። አበዳሪ ባንኮችም ዋስትናው ሳይኖር ገንዘብ አይለቁም። ዋጋው ዝቅ ባለ ቁጥር የባለሀብቱ ትርፍ ስለሚሳሳ፣ የምንዛሪ ስጋቱን የሚሸከምበት ትከሻም ያንሰዋል። በእኔ እምነት የዚያ ጨረታ ትልቁ ስህተት በሳንቲሙ ዝቅተኛነት መደሰታችንና የክፍያውን መንገድ ለኋላ መተዋችን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል። በሐምሌ 2024 መጨረሻ የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ፣ ለአራት ዓመት የሚጨምርበት መርሐ ግብር ተጀመረ። ሁለቱም ለተጠቃሚው ከባድ ናቸው፤ በተለይ የከተማው ዝቅተኛ ነዋሪ ላይ የሚያሳድሩትን ጫና አቅልዬ አላየውም። ለኃይል ዘርፉ ግን የግል ባለሀብት ገንዘቡን መልሶ የሚያገኝበትን በር በመጠኑም ቢሆን የሚከፍቱ ናቸው። የአቡዳቢው ማስዳር በ2023 መጀመሪያ የፈረመው 500 ሜጋዋት የፀሐይ ልማት ስምምነትም ሆነ የዱባዩ አሜአ ፓወር በአይሻ የያዘው 300 ሜጋዋት የነፋስ ዕቅድ የሚፈተኑት በዚህ በር ነው። ስለ እነዚህ ዜና ሲያነቡ ፊርማውን አይቁጠሩት፤ የአበዳሪዎች ገንዘብ መለቀቁን፣ ማከፋፈያ ጣቢያው መቆሙን፣ የማስተላለፊያ መስመሩም መድረሱን ይጠብቁ። መስመሩን መጠበቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ኬንያ ታስተምረናለች። በቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 ተርባይኖች፣ 310 ሜጋዋት ይዘው ተተክለው ካለቁ በኋላ፣ መስመሩ ባለመድረሱ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ሥራ ቆመው እስከ መስከረም 2018 ጠብቀዋል።

«ሕዳሴ ካለ ነፋስና ፀሐይ ለምን?» የሚለው ጥያቄ በብዙ ሰው አፍ ላይ ነው። 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግድብ በጳጉሜን 2025 ሲመረቅ የነበረው ደስታ የሁላችንም ነበር፤ እኔም በዚያች ቀን ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ነገር ግን የግንቦት 2019ን ፈረቃ ያስታውሱ። የግልገል ጊቤ ሦስት ውሃ በመቀነሱ 476 ሜጋዋት ጎደለ፤ ከተሞች በቀን ለሰዓታት በፈረቃ መብራት አጡ፤ ለጎረቤት አገር የሚሸጠውም ተቋረጠ። ቀደም ሲል በ2009 የነበረው ፈረቃም ምክንያቱ ውሃ ነበር። ኃይላችን ከሞላ ጎደል በሙሉ የቆመው በዝናብ ላይ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ሆኖ አይመጣም።

እዚህ ላይ የአገራችን ተፈጥሮ የሰጠን አንድ ታላቅ ነገር አለ። ነፋሱ በአዳማም ሆነ በአሸጎዳ የሚበረታው በበጋ ነው፤ ግድቦቹ ውሃ የሚሞሉት ግን በክረምት ነው። ነፋሱ በጥርና በየካቲት ሲነፍስ ተርባይኑ የሚያመነጨው እያንዳንዱ ሜጋዋት ሰዓት በግድቡ ውስጥ የሚቀር ውሃ ይሆናል፤ ያ ውሃ ደግሞ በሚያዝያና በግንቦት፣ ዝናቡ ሲዘገይ ይደርሳል። በሌላ አገር ለዚህ ሥራ ውድ ባትሪ ይገዛል፤ እኛ ግን ግድቡ ራሱ ባትሪያችን ነው። የሕዳሴ ግድብ መጠናቀቅ የነፋስና የፀሐይ ጣቢያዎችን አስፈላጊነት የሚቀንስ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ይህን ሳያዩ ያልፋሉ። ግድቡ በሰፋ ቁጥር ተለዋዋጩን ነፋስና ፀሐይ ሳይናወጥ የሚቀበል ሥርዓት ይኖረናል ማለት ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ሱስዋ በሚደርሰው የ500 ኪሎቮልት መስመር የሚሸጠው ኃይልም በድርቅ ዓመት እንዳይቋረጥ የሚያደርገው ይኸው መደጋገፍ ነው። ፀሐይን በተመለከተ የደጋው ሰማይ በሐምሌና በነሐሴ በደመና ስለሚሸፈን ምርቱ ይወርዳል፤ ጋድና ዲቸቶ የተመረጡትም የምሥራቁ ቆላ ይህ ችግር እምብዛም ስለማይነካው ነው።

አሁን እርስዎን ወደሚመለከተው ገበያ እንሂድ። በ2017 በተሰበሰበ አገር አቀፍ የቤተሰብ ጥናት መሠረት ከቤተሰቦች ሲሶ ያህሉ ከዋናው መስመር፣ ወደ ሩብ የሚጠጉት ደግሞ ከመስመር ውጭ ከሆነ ምንጭ፣ በአብዛኛው ከትንንሽ ሶላር፣ መብራት ያገኙ ነበር። ይህ ሩብ ከሐርጌሳ፣ ከመርካቶና ከየወረዳው ገበያ በሰው እጅ የገባ ነው፤ በሜጋዋት ሠንጠረዥ ውስጥ አይገኝም። በ2019 የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት መርሐ ግብር በ2025 ሁሉም ዜጋ፣ 65 በመቶው በመስመር፣ 35 በመቶው ያለ መስመር፣ መብራት ያገኛል ብሎ ነበር። ግቡ አልተመታም። ይህ ያሳዝናል፤ በአንጻሩ ግን ገበያዎ የት እንዳለ ይነግርዎታል። ሕዳሴ ያመነጨው ኃይል ከማከፋፈያ ጣቢያ 40 ኪሎሜትር ርቃ በተበታተነች መንደር ለመድረስ ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ ያ እስኪሆን የሚገዛው ሶላር ነው።

የዚህ ገበያ ጉልበት ዋጋው ነው። የቻይና ፓኔል በ2024 መጨረሻ ከፋብሪካ በር በአንድ ዋት 10 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ስለዚህ አንድ ባለ 550 ዋት ፓኔል ጭነትና ትርፍ ሳይጨመር 55 ዶላር ነበር ማለት ነው። ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር ይህ 3,135 ብር ነው፤ በ125 ብር ሲመነዘር ደግሞ 6,875 ብር ይሆናል። ፓኔሉ በዓለም ገበያ ሲረክስ በእኛ ገበያ የሚወደድበት ምክንያት ይኸው ነው። በሌላ በኩል፣ ቀድሞ ለሌተር ኦፍ ክሬዲት (ባንክ ለውጭው ሻጭ ለሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ወራት ይጠብቅ የነበረው አስመጪ አሁን ከቀድሞው በተሻለ ምንዛሪ ያገኛል፤ ናፍጣም በብር ስለተወደደ ከሶላር ጋር የሚደረገው ንጽጽር አልተበላሸም። ሰው በመብራት መጥፋት ሲመረር ይህ ዓይነቱ ገበያ ምን ያህል ሊፈጥን እንደሚችል ከደቡብ አፍሪካ ይታያል፤ በዚያ አገር በጣሪያ ላይ የተተከለው ሶላር በመጋቢት 2022 ከነበረበት 983 ሜጋዋት በሰኔ 2023 ወደ 4,412 ሜጋዋት አሻቅቧል። መንግሥት ጨረታ ሳያወጣ፣ ውል ሳይፈረም፣ በየሰዉ ኪስ የመጣ እድገት ነው።

ይሁን እንጂ የእኛ ገበያ የሚታመምበትን ቦታ በቅርብ አይቼዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የቆላ ወረዳ የሚገኝ ጤና ኬላ ጎብኝቼ ነበር። ጣሪያው ላይ አራት ፓኔሎች በሥርዓት ተደርድረው ነበር፤ ከሥራቸው የክትባት ማቀዝቀዣው ባዶውን፣ በሩ ተከፍቶ ቆሟል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ጓዳ ወስዳ ባትሪዎቹን አሳየችኝ፤ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ የአንዱ ክዳን ተሰንጥቆ፣ ዙሪያቸው በነጭ ዝገት ተለብሶ ነበር። ባትሪው የሞተው በተተከለ በሦስተኛው ዓመት መሆኑን፣ ክትባቱንም ከዚያ ወዲህ በበረዶ ሳጥን በበቅሎ አራት ሰዓት ተጉዘው እንደሚያመጡ ነገረችኝ። የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረውን ቻርጅ ኮንትሮለር ከፍቼ ስመለከት ለዚያ የባትሪ ዓይነት ያልተስተካከለ ሆኖ አገኘሁት፤ በየቀኑ ከመጠን በላይ እየሞላ ያቃጠላቸው እሱ ነበር። በአንድ የሪፖርት መዝገብ ላይ ግን ያ ጤና ኬላ «በሶላር ኃይል የተዳረሰ» ተብሎ እስከዛሬ እንደሚቆጠር አልጠራጠርም። ያቺን ሠራተኛ ሳስብ፣ የተሸጠ ፓኔል ቁጥር ብቻ እየጠሩ ስለ እድገት ማውራት ይከብደኛል።

ስለዚህ ለእርስዎ ያለኝ ምክር ከዚህ ይነሳል። ተንጠልጣይ መብራትና ትንንሽ የስልክ መሙያ ኪት በመርካቶ ሞልቷል፤ በዚያ የሚወዳደሩት በዋጋ ብቻ ስለሆነ ጥራቱን እየቀነሰ የሚመጣ ያሸንፍዎታል። ከሐዋሳ ሆነው በእጅዎ ያለው ገበያ የመስኖ ፓምፕ ነው። ከዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ ጀምሮ እስከ ሐዋሳና ብላቴ ድረስ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ ናፍጣና ቤንዚን ፍለጋ በርሜል ተሸክሞ የሚሰለፍ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ 2.7 ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ግማሽ ሄክታር የሚያለማ ገበሬ በቀን 40 ሜትር ኩብ ከ20 ሜትር ጥልቀት ቢስብ 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ የፓምፑና የሞተሩ ብክነት ሲታሰብ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይያዝለት። አንድ ኪሎዋት ፓኔል በስምጥ ሸለቆ በቀን ቢያንስ 4 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚሰጥ፣ ሦስት ባለ 550 ዋት ፓኔሎች ከበቂ በላይ ናቸው። ባትሪ አያስፈልገውም፤ ውሃው በቀን ተስቦ በገንዳ ይቀመጣል። የሶላርን ዕድሜ የሚያሳጥረው አካል ገና ከመጀመሪያው ከሥርዓቱ ወጣ ማለት ነው።

እህትዎ ከዱባይ ዕቃ ከመጫኗ በፊት የፓኔሉን ጀርባ ጽሑፍ ብቻ አትመን። በጠራራ ፀሐይ በመልቲሜትር የክፍት ዑደት ቮልቴጁንና የአጭር ዑደት አምፔሩን ታስለካ፤ አምፔሩ በጽሑፉ ካለው በብዙ ካነሰ ፓኔሉ የተባለው ዋት የለውም። ከእያንዳንዱ 50 ፓምፕ ጋር ቢያንስ አምስት መለዋወጫ ኮንትሮለር (የፓምፑ መቆጣጠሪያ) አብሮ ይምጣ፤ መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው፤ አንድ ኮንትሮለር ጠፍቶ ፓምፑ ሽንኩርቱ ራስ በሚይዝበት ወቅት ሁለት ሳምንት ከቆመ ገበሬው ምርቱን፣ እርስዎም ያንን ቀበሌ በሙሉ ያጣሉ። ከቀረጥ ነጻ ስለሚሆኑት ዕቃዎችና ስለ ጥራት ማረጋገጫው ግዥ ከመፈጸምዎ በፊት ከጉምሩክ ኮሚሽንና ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ዝርዝሩ ስለሚሻሻል በአፍ የሚነገርዎትን ይዘው ኮንቴይነር አያስጭኑ። የመጀመሪያውን ጭነት ከማዘዝዎ በፊት ደግሞ ጥቅምትና ኅዳርን፣ መስኖ የሚጀመርበትን ጊዜ፣ ሁለት ወይም ሦስት ገበሬዎች ጋር ሄደው ያሳልፉ፤ የጉድጓዳቸውን ጥልቀት በገመድ ይለኩ፤ በሳምንት ስንት ሊትር እንደሚያቃጥሉም ይጻፉ። ልኩን ቢልኩልኝ የፓምፑን መጠን አብረን እናሰላለን።